ሁሉቃን የሚጠብቀው ጅብ

አምቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአስካለች፣

የእንቁን ተረቶች አላውቃቸውም። አንዱንም አላውቅም።

ሰላምታ ሳላስቀድም የጀመርኩት ነውር ጠፍቶኝ አይደለም። ሰላምታ ካስቀደምኩ ስለ ጤናሽ እጠይቃለሁ፤ ከጤናሽ ወደ በቆሎው እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱ ያልቅና «ሌላውን በሌላ ጊዜ» ብዬ አሽገዋለሁ። እንዲህ እያልኩ የጀመርኩትን ስቀድድ ከረምኩ። አሁን ዋናው ወጥቶልኛልና፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? የባኮ ሙቀት ጉልበትሽን ተወት አደረገልሽ ወይ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

ኔትወርክ ሲመጣ ለምን አይደውሉም ላልሽው፣ በስልክ አፌ ይቀድመኛል። ደህና ነን፣ ደህና ነን ስል ቆይቼ እዘጋዋለሁ። ስጽፍ ግን እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ልቤ ይደርስበታል። በአፋን ኦሮሞ ያልጻፍኩልሽም የላቲኑ ፊደል ቁቤ ስለማይሆንልኝ ነው። በእኛ ጊዜ ፊደል የተቆጠረው በአማርኛ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም።

«እናታችን ለእህቴ ለእንቁ የሰጠቻቸው የቀበሮ ተረቶች እርስዎ ዘንድ ናቸው፤ ሳልሞት ጽፈው ይላኩልኝ» ብለሻል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ያምናል። ለምን እንደሚያምን ታውቂዋለሽ። እኛ ዘንድ ተረት ለብቻ አይነገርም። አንድ ሰው ተቀባይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ተራኪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «ኤዬ» ይላል። ተቀባዩ ዝም ካለ ተረቱ ይቆማል። እንቁን ከጎጆ ከተማ አምጥቼ ካገባኋት ጀምሮ እስክታርፍ ድረስ ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ። ማታ ማታ እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ፣ እሷ በርጩማዋን በሩ ጋ አድርጋ። የእኔ ኤዬ ግድግዳ አልፎ ይሰማ ነበር። ጎረቤታችን ሸዋገነት «እንደ ተሬፋ ጆሮ ያለው ባል ስጠኝ እያልኩ ነው የምጸልየው» እያለች ትቀልድብን ነበር።

እህቴ፣ እኔ አልሰማም ነበር።

ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ የቀበሮና የጅብ ነገር ከንቱ ሆነብኝ። ያታለለ የሚመሰገንበት፣ የዋህ የሚሳቅበት ወሬ በቤቴ ለምን ይነገራል አልኩ። ተዪው እንዳልላት ደግሞ አልደፈርኩም። ልጅ አልወለድንም፤ ያቺን አንዲት ደስታዋን እንዴት ልንሳት። ስለዚህ መላ አበጀሁ። አፌ ኤዬ ይላል፣ በልቤ መዝሙረ ዳዊት እደግማለሁ። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ ብቻ ነበር የምጠብቀው። ከዳዊት ብዙውን በቃሌ የያዝኩት በዚህ ዓይነት ነው። በጉባኤ ላይ በቃሌ ስደግም «መቼ ነው የምታጠናው ወንድም ተሬፋ?» ሲሉኝ ፈገግ እል ነበር። ጌታንም ሚስቴንም ያስደሰትኩ ይመስለኝ ነበር።

ሳቋን አስታውሳለሁ። ምን እንዳሳቃት አላውቅም።

ሌላ ጭንቅ ደግሞ መጥቶብኛል። ገለታ የሚባል ወጣት መምህር በወጣቶች ማዕከል አዳራሽ የተረት ምሽት እያዘጋጀ ነው። ከየወረዳው አንድ አንድ ተራኪ ያመጣል፤ ሁሉም ስለ አታላዮች ነው፤ ስለ ጦጣ፣ ስለ ጥንቸል፣ ስለ ቀበሮ። ኦቦ ዓብዲሳ የሚባሉ ሽማግሌ ከጌዶ ይመጣሉ። «የእርስዎ ድርሻ የእንቁ ቀበሮ ነው» አለኝ። እሺም እምቢም ሳልለው ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት። ምን ልበለው?

ወንድምሽ ተሬፋ


ባኮ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለኦቦ ተሬፋ፣

ደብዳቤዎን ሹፌሩ ምትኩ ከነአቧራው ሰጠኝ። ጌዶ ላይ መንገድ ተዘግቶ አድሮ ነው የመጣው። ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት።

አልቆጣም ብዬ ሁለት ቀን ቆየሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተቆጣሁ። እናቴ ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ለባኮዋ አክስቴ ስትሰጠኝ ተረቶቹ ለእንቁ ቀሩ። ለእኔ ጥጃ ደረሰኝ፣ ለእሷ ቀበሮ ደረሳት እያልኩ ስቀናባት ኖርኩ። እሷ ለካ ቀበሮዋን ለስፌት መኪና ስትነግር ኖራለች። የስፌት መኪናው ይሻላል፣ እሱስ ቢያንስ ክር ሲበጠስበት ይቆማል።

እኔ የማውቀውን ልንገርዎት፤ ጥቂት ናት። የሌላ ሰው ቀበሮ ጅቡን ታታልልና ሥጋውን በልታ ትሄዳለች፤ ሰው ይስቃል፤ አበቃ። የእናታችን ቀበሮ እንደዚያ አይደለችም። ሁሉን ትበልጣለች፣ ሁሉን ታሞኛለች፣ በስተመጨረሻ ግን የሠራችውን ጉድ የምትነግረው ታጣለች፤ ያልሸሻት የለማ። ጉድጓዷ አፍ ላይ ተቀምጣ ለብቻዋ ስትስቅ ያልቃል። እዚያ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም። እናቴ ጭን ላይ እንቅልፍ እየወሰደኝ መጨረሻው ላይ ነበር የምነቃው።

እንግዲህ ለመምህሩ እንዲህ ይበሉት። የእንቁ ተረት የለም፣ ከእሷ ጋር ሄዷል። ከፈለገ ወንበር ያስቀምጥላትና ማንም አይቀመጥበት፤ ባዶ ወንበር አያሳፍራትም። የእሷ ያልሆነ ነገር ግን በእሷ ስም እንዳይነገር። ከእህቴ የቀረኝ ይኸው ነው። የተናገረችውን ማወቅ ካልቻልኩ፣ ያልተናገረችውን አይለጥፉባት። ይህን ያድርጉልኝ፤ የቀረውን እኔና እግዜር እንነጋገርበታለን።

ሙቀቱ አልተወኝም።

እህትዎ አስካለች


አምቦ፣ ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአስካለች፣

በጌታ ስም ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለልጆችሽ፣ ለልጅ ልጆችሽ፣ ለአክስትሽ ቤተሰብ ሁሉ ሰላም በይልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ብርዱ ከጎጆ በኩል ወርዶ ሰሞኑን ጠንክሯል። የጣሪያው ቆርቆሮ በኩሽናው ወገን ተገንጥሎብኝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች መጥተው መቱልኝ። ስለ ዓይኔ በምትኩ በኩል ጠይቀሽኝ ነበር፤ መርፌ ለመሰካት ወደ ደጅ መውጣት አለብኝ እንጂ ሌላው ደህና ነው። ሸዋገነትም ሰላም ብላሻለች። ምግቤን አሁንም እሷ ናት የምታቀብለኝ።

ምሽቱ በሰላም አለፈ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ነበር። ኦቦ ዓብዲሳ ጦጣዋ ዳኛ የሆነችበትን ሲተርኩ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ ለጌታ ነግሬዋለሁ። የእንቁ ስም በክብር ተነሣ፤ ተጨበጨበላት። ስላልሽኝ ጉዳይ ከመምህር ገለታ ጋር ተነጋግረናል።

ስለ ወንበሩ ለጠየቅሽው፣ የመጣው ሰው ብዙ ስለነበር ባዶ ማስቀመጥ አልተቻለም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን መጥቼ አይሻለሁ። ምትኩ እየቸኮለ ነው፣ ጥሩምባውን እየነፋ።

ወንድምሽ ተሬፋ


ባኮ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኦቦ ተሬፋ፣

ሁሉቃን የሚጠብቀው ጅብ ማን ነው?

ትናንት ገበያ ልሄድ የምትኩ መኪና ውስጥ ገባሁ። ተሳፋሪው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ይስቃል። ምትኩ አንገቱን መልሶ «አስካለች፣ የእህትሽ ጅብ ገደል ሊከተን ነው» አለኝ። «የቱ ጅብ?» አልኩት። «እንዴ፣ የራስሽን ርስት አታውቂውም? ዝም ብለሽ ኤዬ በይ» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።

ቀበሮ ጅቡን «የሁሉቃን ወንዝ ድምፅ ሌባ እየሰረቀው ነው» ትለዋለች። «በበጋ ሲቀንስ አልሰማህም? የአገሩ ትልቅ ጆሮ አንተ ነህ፤ ዳር ተቀምጠህ ጠብቅ። እኔ ሥጋህን እጠብቅልሃለሁ።» ጅቡ ክረምቱን ሙሉ ጠበቀ። በጋ ገባ፣ ወንዙ ጎደለ፣ ድምፁ ሳሳ። ጅቡ እኔ ሳንቀላፋ ነው የተሰረቀው ብሎ እያለቀሰ ወደ ቀበሮ ሄደ። ሥጋውን ጨርሳዋለች፤ እሱ ግን ስለ ሥጋው አልጠየቀም። ይቅርታ ለመናት። ካሳ ይሁንሽ ብሎ የከርሞውንም ሰጣት። ቀበሮ ጠግባ ተኛች።

«ይህን ማን ነገረህ?» አልኩት። «ባልዋ ነዋ፣ አዳራሹ ውስጥ። የእንቁ ነው ብለው» አለኝ።

እንቁ ቀበሮዋን ጠግባ አታስተኛትም፣ ኦቦ ተሬፋ። መንገዱን ባላውቅ መድረሻውን አውቃለሁ ብዬዎት ነበር። ደብዳቤዎን መልሼ አነበብኩት። «ተነጋግረናል» ይላል። «ስሟ ተነሣ» ይላል። አንድም ውሸት የለበትም፤ እንዴት አድርገው ቢሰፉት ነው።

ከሁሉ የሚብሰኝ መኪናው ውስጥ ስቄያለሁ። እህቴን የሰማሁ መስሎኝ ከልቤ ሳቅሁ። ያንን መልሱልኝ ብል አይችሉም።

ከየት ነው ያመጡት?

አስካለች


አምቦ፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ አስካለች፣

ከየትም አላመጣሁትም። ከአፌ ወጣ።

ልናገር ሄጄ ነበር። ይህን እንድታምኝ መብት የለኝም፤ ግን ሄጄ ነበር። ለገለታ አስቀድሜ ያልነገርኩት፣ ሰው ፊት ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስመረምረው ግን ፍርሃት ነበር። መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሸዋገነት ከፊት ተቀምጣ ገና ምንም ሳልል ታለቅሳለች። «እንቁን አሰማን» አለችኝ። ጉሮሮዬን ልጠርግ ብዬ «ዱሪ ዱሪ» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩት አላውቅም፣ የተረት ሁሉ መጀመሪያ እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። አዳራሹ በአንድ አፍ «ኤዬ» አለ።

አንቺ ተርከሽ አታውቂም፣ እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ያ ቃል ይጎትታል። አንዱን ስትይ ኤዬ ይሉሻል፣ ኤዬ ካሉሽ ሁለተኛውን መስጠት አለብሽ። ቀበሮ ነበረች አልኩ። ኤዬ። ጅብ ነበረ አልኩ። ኤዬ። የሁሉቃ ድምፅ ከመስኮቱ ይገባ ስለነበር እሱን ያዝኩ። ጨርሼ ሲያጨበጭቡ ነው የነቃሁት። የእንቁ ነው አላልኩም፤ የእንቁ አይደለምም አላልኩም። ገለታ ግን ማይኩን ተቀብሎ «የእንቁ ቀበሮ ይህች ናት» አለ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ያ መነቅነቅ የእኔ ነው፣ በማንም አላመካኝም።

የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ገለታ ቤት ሄድኩ። ሁሉን ነገርኩት። ቁጭ ብሎ ሰማኝና «አባባ፣ ተረት እኮ ባለቤት የለውም። እሳቸውም ከእናታቸው ነው የሰሙት፣ እናታቸውም ከሌላ» አለኝ።

«ይኸኛው ግን ከማንም አልተሰማም» አልኩት።

«እንግዲያው ከእርስዎ ተሰማ። ማን ተጎዳ?»

«እህቷ ተጎዳች።»

ስልኩን አወጣ። ከዚያ በስልኩ የቀዳውን ለትምህርት ቤቶች ሁሉ እንደላከው ነገረኝ። እስከ ጎጆ ደርሷል። በተወለደችበት ቀበሌ፣ ከዚያ ይዛው በመጣችው ተረት ቦታ እኔ የፈጠርኩት ገብቷል። «አሁን ጥፋ ቢሉት አይጠፋም፣ አባባ» አለኝ። እውነቱን ነው።

እንቁ እንደማልሰማት ጠርጥራ ታውቅ ነበር ወይ ብለሽ ከወራት በፊት በምትኩ አፍ ልከሽብኝ ነበር፤ አልመለስኩልሽም። አንድ ማታ አንዲትን ዓረፍተ ነገር ተናገረች፣ ኤዬ አልኩ። ያችኑ ደገመች፣ ኤዬ አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ደገመች። መዝሙር ላይ ስለነበርኩ ትንፋሿን ብቻ ሰምቼ ኤዬ አልኩ። ሳቀችና ቀጠለች። መደጋገሙ ወደ ልቤ የደረሰው ከተኛን በኋላ ነው። አልጠየቅኋትም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ማታ ማታ በርጩማዋን ታመጣ ነበር። እያወቀች ለማን ትናገር እንደነበር አስቤ አስቤ አልደረስኩበትም። ስጸልይም መልስ አላገኘሁም። ዳዊትን ስከፍት የእሷ ትንፋሽ ነው የሚመጣብኝ፤ በየት በየት እንደምትተነፍስ አውቃለሁ፣ በመካከሉ ያለውን አላውቅም።

በመጋቢት ሁለተኛ የተረት ምሽት አለ። ተመልሼ እወጣለሁ። አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው፣ እንደ ፊተኛው እንዳልደብቅሽ።

ተሬፋ


አምቦ፣ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ አስካለች፣

ከጥር ወዲህ መልስሽ አልደረሰኝም። ምትኩን ስጠይቀው «ተቀብላኛለች» ይላል። «ምን አለች?» ስለው መሪውን ያያል። በየካቲት የላክሁልሽን እንዳልከፈትሽው ገባኝ። ይህንንም ላትከፍችው ትችያለሽ። ቢሆንም የጠየቅሽኝ ነገር ስለሆነ የሆነውን ማስፈር አለብኝ።

ምሽቱ ቅዳሜ ነበር። በፊት ከነበረው ሰው ይበልጥ ነበር፤ ከጎጆ ድረስ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ነበሩ፣ የእንቁ አገር ሰዎች። ገለታ እንዳልናገር አልከለከለኝም። «እንደ ፈለጉ፣ አባባ» ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። እኔ ዱሪ ዱሪ እንዳልል ከንፈሬን ነክሼ ነበር የወጣሁት።

አስቀድሜ የኋላውን ልጻፍልሽ፣ ከፊተኛው ይልቅ እሱ ይቀለኛል። ስወርድ ኦቦ ዓብዲሳ እጄን ይዘው «ስልሳ ዓመት ተርኬያለሁ፣ ራሱን ቀበሮ አድርጎ የሚተርክ ዛሬ ነው ያየሁት» አሉኝ። «እውነቴን ነው» አልኳቸው። «እሱ ነው እኮ የሚያስቀው» አሉኝ። ገለታ ቀድቶታል። ከፊተኛው ይበልጣል ብሎ እሱንም ልኮታል፤ «የእንቁ ቀበሮ፣ ሁለተኛው» ብሎ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወንድም በሩ ላይ ይዞኝ «ኤዬ» አለኝና ሳቀ። ለሽማግሌዎች ቀርቤ እውነት መሆኑን ነገርኳቸው። ስለ ተረቱ መከሩኝ፤ እንዲህ ያለ ዓለማዊ መድረክ ላይ ለምን ትወጣለህ አሉኝ። ስለ እንቁ ማንም አልጠየቀኝም።

ያመነችኝ አንዲት ሰው ናት። ሸዋገነት መካከል ላይ ኤዬ ማለቷን አቆመች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንሽ አየችኝና ተነሥታ ወጣች። በማግስቱ ሳህኗን ልመልስላት ሄድኩ። ከበሩ ሳታሳልፈኝ ተቀበለችኝ። «ያን ሁሉ ዓመት በግድግዳው ስሰማ፣» አለችኝ፣ «በዚህ ዓለም አንዲት ሴት እንኳ የሚሰማት አላት እያልኩ ነበር የምጽናናው። ለምን ነገርከኝ?» በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ በግድግዳው በኩል ድምፅ የለም፤ እንደምሰማት ስለምታውቅ በቀስታ የምትራመድ ይመስለኛል።

ይኸው ነው። አልሆነም፣ እህቴ። ስሟን ላጠራ ወጥቼ ሁለተኛ ደረብኩባት። ሦስተኛ ብወጣ ሦስተኛ ተረት ይሆናል። ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ የሚደረግም ያለ አይመስለኝም። ያደረግሁትን ብቻ እነግርሻለሁ።

መድረኩ ላይ ቆምኩና «ተሬፋ እባላለሁ፣ የእንቁ ባል ነኝ» አልኩ።

«ኤዬ» አሉ።

«ባለፈው የነገርኳችሁ የእሷ አይደለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ኤዬ።»

«ተረት አይደለም የምነግራችሁ። አትቀበሉኝ።»

«ኤዬ» አሉና ሳቁ። ከኋላ አንዱ «ቀበሮ በሽምግልናዋ መጣች» አለ፤ ይበልጥ ሳቁ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። መውረድ ይቻል ነበር። ከጎጆ የመጡት ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ያዩኝ ነበር።

«ይህች ሴት ማታ ማታ ተረት ትነግረኝ ነበር» አልኩ። «እኔ እየሰማሁ አስመስዬ ሌላ ነገር እደግም ነበር። አንዱንም አልሰማሁም። ከእናቷ የተቀበለችውን ሁሉ ይዛ ሞተች። የእንቁ ቀበሮ የሚባል ነገር የለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በጎጆ ለምትኖሩም፣ በባኮ ላለችው ለእህቷ ለአስካለችም ይህን ንገሩልኝ።»

በየዓረፍተ ነገሩ ኤዬ ይሉ ነበር። በመጨረሻውም አሉ። ሁሉን ተናግሬ፣ ያስቀረሁት ሳይኖር፣ ማይኩን መድረኩ ላይ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።

ተሬፋ